የጡት ካንሰር ሴሎችን አሳድጎ መድኃኒት እንዴት ይሞከራል?

አንድ ንጥረ ነገር የካንሰር ሴሎችን መግደል አለመግደሉን በቤተ ሙከራ መፈተሽ ከሩቅ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ሴሎቹን ማሳደግ፣ መድኃኒቱን መጨመር፣ ከዚያም የተረፉትን መለካት ነው። አስቸጋሪው ነገር የተገኘው ቁጥር በእርግጥ ስለ መድኃኒቱ የሚናገር እንዲሆን ማድረጉ ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት በተለይ የአገራችንን የመድኃኒት ዕፅዋት ኤክስትራክት (ከዕፅዋቱ ተጣርቶ የወጣ ንጥረ ነገር) በካንሰር ሴሎች ላይ ለመሞከር ለሚዘጋጁ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከሴሉ ምርጫ ነው። ኤምሲኤፍ-7 የተባለው ሴል ላይን (በቤተ ሙከራ ያለማቋረጥ የሚራባ የሴል ዘር) እ.ኤ.አ. በ1970 የጡት ካንሰር ከነበረባቸው የ69 ዓመት ሴት ሳንባ ዙሪያ ከተጠራቀመ ፈሳሽ የተገኘ ሲሆን፣ ስሙንም የወሰደው ሥራው ከተካሄደበት ከሚሺጋን ካንሰር ፋውንዴሽን ነው። ይህ ሴል ኢስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን የሚቀበል ተቀባይ አለው፤ ኤምዲኤ-ኤምቢ-231 የተባለው ሌላው የጡት ካንሰር ሴል ግን ይህ ተቀባይ የለውም። ስለዚህ ኢስትሮጅንን በመከላከል የሚሠራ ንጥረ ነገር በሁለተኛው ላይ ብቻ ቢሞከር፣ ጥፋቱ የምርጫው ሆኖ ሳለ መድኃኒቱ ደካማ ነው ወደሚል የተሳሳተ ድምዳሜ ይወስዳል። ከሁለቱ ጎን ካንሰር ያልሆነውን ኤምሲኤፍ-10ኤ መጨመርም ያስፈልጋል፤ ያገኘውን ሴል ሁሉ የሚገድል ነገር መርዝ እንጂ የካንሰር መድኃኒት ተስፋ ሊባል አይችልምና።

ቀጥሎ የሴሉን ማንነት ማረጋገጥ ይመጣል፤ በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ከታካሚዋ ሄንሪታ ላክስ ያለ ፈቃዷ የተወሰዱት የሂላ ካንሰር ሴሎች እጅግ ፈጣን ስለሆኑ፣ በብዙ ቤተ ሙከራዎች ወደ ሌሎች ካልቸሮች (በፈሳሽ ምግብ ወደሚያድጉ ሌሎች ሴሎች) ሾልከው በመግባት ነባሮቹን አጥፍተው ቦታቸውን ይዘዋል። ኤምዲኤ-ኤምቢ-435 የተባለው ሴልም ለረጅም ዓመታት የጡት ካንሰር ተብሎ ሲጠናበት ከቆየ በኋላ ከቆዳ ካንሰር የመጣ ሆኖ ተገኝቷል። ስለሆነም ሴሎችን ከጎረቤት ቤተ ሙከራ በብልቃጥ ከመዋስ ይልቅ ከታወቀ የሴል ባንክ ማስመጣት፣ ይህ ካልተቻለም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ኤስቲአር የተባለውን የዲኤንኤ መለያ ምርመራ ማሠራት ይገባል።

ሌላው ስውር ጠላት ማይኮፕላዝማ ነው። ይህ ባክቴሪያ የሴል ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን አይነካውም፤ እንደ ሌሎች ባክቴሪያዎች ፈሳሹን ስለማያደፈርስም በዓይንም ሆነ በተራ ማይክሮስኮፕ አይታወቅም። የሴሎቹን ዕድገት ከመለወጡ ሌላ፣ እንደ ጀምሲታቢን ያሉ የካንሰር መድኃኒቶችን ሴሉ ጋ ከመድረሳቸው በፊት ሊያከሽፍ ይችላል። ዋስትናው በየጊዜው መመርመር ነው፤ ለምሳሌ ፒሲአር በተባለው የዲኤንኤ ማባዣ ምርመራ።

አስተዳደጉ የተለመደው ነው፦ 37 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሴሎቹ የፍላስኩን ወለል ከ70 እስከ 80 በመቶ ሲሸፍኑ ትሪፕሲን በተባለው ኢንዛይም አላቅቆ ማካፈል፣ ስንት ጊዜ እንደተካፈሉ የሚያሳየውን የፓሴጅ ቁጥርም መመዝገብ። ጥያቄው ስለ ኢስትሮጅን ከሆነ ግን ሴሎቹ ለሚያድጉበት ፈሳሽ ቀለም የሚሰጠው ፌኖል ሬድ ራሱ ደካማ የኢስትሮጅን ጠባይ ስላለው፣ ቀለም አልባ ፈሳሽና ሆርሞኑ በከሰል የተጣራለት ሴረም (የደም ፈሳሽ ክፍል) መጠቀም ግድ ይላል።

ለሙከራው በባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት በእያንዳንዱ ጉድጓድ 5,000 ያህል ሴሎች በ100 ማይክሮሊትር ፈሳሽ ይዘሩና እስኪጣበቁ 24 ሰዓት ይቆያሉ። የዳር ጉድጓዶች ፈሳሻቸው ቶሎ ስለሚተን ሴል ባይዘራባቸው ይመረጣል። ከዚያ ንጥረ ነገሩ ቢያንስ በስድስት ልዩ ልዩ መጠኖች ተጨምሮ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። ማሟሟያው ዲኤምኤስኦ ከሆነ ከ0.5 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ይኸው መጠንም መድኃኒት በሌላቸው ማነጻጸሪያ ጉድጓዶች ውስጥ መኖር አለበት። ውጤቱ የታወቀ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ዶክሶሩቢሲን፣ በጎን ይሞከራል። ሳይክሎፎስፋማይድ ግን ለዚህ አይሆንም፤ ጉበት ውስጥ ካልተለወጠ ስለማይሠራ ካልቸር ውስጥ ምንም እንደማያደርግ ሆኖ ይታያል።

ለልኬት በብዛት የሚሠራበት ኤምቲቲ የተባለው ቢጫ ውሕድ ነው። በሚሊሊትር 5 ሚሊግራም ሆኖ ከተዘጋጀው 10 ማይክሮሊትር ይጨመራል፤ ሕያዋን ሴሎች ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ውስጥ ወደ ወይን ጠጅ ክሪስታል ይለውጡታል፤ ክሪስታሉ በዲኤምኤስኦ ከሟሟ በኋላ በ570 ናኖሜትር ይነበባል። የዕፅዋት ኤክስትራክት የሚሞክር ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። በኤክስትራክቱ ውስጥ ያሉት አንቲኦክሲዳንቶች ሴል በሌለበትም ኤምቲቲን ወደ ወይን ጠጅ ሊለውጡት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ የሞቱት ሴሎች በሕይወት ያሉ ይመስላሉ፣ ጥሩ ንጥረ ነገርም ተጥሎ ይቀራል። መፍትሔው ያለ ሴል ኤክስትራክትና ኤምቲቲ ብቻ የያዙ ጉድጓዶችን ማዘጋጀትና ንባባቸውን መቀነስ ነው። በተጨማሪም ኤምቲቲ የሚለካው የሴሉን የምግብ ልወጣ እንጂ ሞቱን ስላልሆነ፣ ውጤቱን ለምሳሌ የሞቱ ሴሎችን በሚያቀልመው በትሪፓን ብሉ ቆጠራ ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ግማሹን ዕድገት የሚገታው መጠን አይሲ50 ይባላል። በአንድ ፕሌት ላይ ያሉ ሦስት ጉድጓዶች ሦስት ሙከራዎች አይደሉም፤ በተለያዩ ቀናት፣ በተለያየ ፓሴጅ የተሠሩ ሦስት ሙከራዎች ያስፈልጋሉ። አይሲ50ው በሚሊሊትር ብዙ መቶ ማይክሮግራም የሆነን ኤክስትራክት ተስፋ ሰጪ ብሎ መጻፍም አንባቢን ያሳስታል።

በፕላስቲክ ላይ የተነጠፉ ሴሎች እንደ ዕጢ የተከማቹ ስላልሆኑ፣ በዚህ ደረጃ ያለፈ ንጥረ ነገር በስፌሮይድ (ድብልብል የሴሎች ክምር) ላይ ቢሞከር መልካም ነው። ወለሉ አጋሮዝ በተባለ ጄል በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ሴሎች መጣበቂያ ሲያጡ እርስ በርስ ተያይዘው ይድቦለቦላሉ፤ ድብልብሉ ወደ 500 ማይክሮሜትር ሲጠጋ እንደ ዕጢ ሁሉ መሐሉ ኦክስጅን ያጥረዋል፣ መድኃኒቱም ወደ ውስጥ ለመድረስ ይቸገራል። ከበሽተኛ ቲሹ የሚሠራው ኦርጋኖይድ (የአካል ክፍሉን የሚመስል ትንሽ የሴሎች ስብስብ) ከዚህም ይልቅ ለሕመሙ የቀረበ ቢሆንም ወጪው ከባድ ነው፤ ቲሹው ከመወሰዱ በፊትም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታና በሽተኛዋ በሚገባት ቋንቋ ተነግሯት የፈረመችበት ፈቃድ መዝገቡ ውስጥ መግባት አለበት።