«4ኬ ነው ወንድሜ» ሲሉን፦ ቲቪ ስንገዛ የምንሸወድባቸው ስህተቶች

አምና 43 ኢንች ቲቪ ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ በወርቃማ ቀለም «4ኬ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከመንገድ ማዶ ይነበባል። ሻጩ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ሲኒማ ቤት ይዞ እንደመግባት ነው» አለኝ። ዋጋው ከሌሎቹ 4ኬዎች በደንብ ያነሰ ነበር። ያ ራሱ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ተከራክሬ ያስቀነስኩት መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ነገሩ የገባኝ ካርቶኑን ልጥል ስል ነው። ከ«4ኬ»ው ሥር፣ ጉንዳን በሚያክል ፊደል «ሰፖርትድ» የምትል የእንግሊዝኛ ቃል አለች። በጎን በኩል ደግሞ የስክሪኑ ሪዞሉሽን፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች (ፒክስሎች) ወደ ጎንና ወደ ታች ያላቸው ብዛት፣ 1920 በ1080 ይላል። ዋሽተውኛል ማለት አልችልም። ጽፈውታል። ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ቲቪ ሊገዛ የሚነሳ ዘመድ ሁሉ እኔ ጋ ይደውላል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች የኔም የነሱም ናቸው።

«4ኬ ይቀበላል»ን «4ኬ ነው» ብሎ ማንበብ

እውነተኛ 4ኬ ስክሪን 3840 በ2160 ፒክስል አለው። ሲባዛ 8.3 ሚሊዮን ገደማ ይመጣል። ፉል ኤችዲ 1920 በ1080 ነው፤ 2.1 ሚሊዮን ገደማ። «ኤችዲ ሬዲ» የሚባሉት ደግሞ ብዙውን ጊዜ 1366 በ768 ናቸው፤ አንድ ሚሊዮን ገደማ ብቻ።

«4ኬ ሰፖርትድ» ማለት ቲቪው የ4ኬ ፊልም ሲሰጡት አይከፍትም አይልም ማለት ነው። ይቀበልና ባለው ፒክስል ልክ አሳንሶ ያሳያል። አራት ሊትር ወተት አንድ ሊትር በሚይዝ ጆግ እንደመቅዳት ነው። ጆጉ ይሞላል፤ ሦስቱ ሊትር ይፈሳል።

ታዲያ ሱቅ ውስጥ በምን ይታወቃል? ዘዴውን ያሳየኝ የእህቴ ልጅ ነው። ከደብተር ቦርሳው ማስመሪያ አወጣ። ቲቪው ላይ ነጭ ምስል ከፈተና ማስመሪያዋን ስክሪኑ ላይ በቀስታ አስጠግቶ በስልኩ ካሜራ በጣም ቀርቦ ፎቶ አነሳ። ፎቶውን ስናጎላው ነጩ ጠፋ። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ዘንጎች በሦስት በሦስት ተሰልፈው ታዩን። ሦስቱ አንድ ላይ አንድ ፒክስል ናቸው። በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት እንዳሉ ቆጠርን። 20 ሆነ።

43 ኢንች ቲቪ ወደ ጎን 95 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እውነተኛ 4ኬ ቢሆን በአንድ ሴንቲ ሜትር 40 እንቆጥር ነበር። ፉል ኤችዲ 20፣ ኤችዲ ሬዲ 14 ገደማ ነው። ሌላ ኢንች ከሆነ የስክሪኑን ስፋት በሴንቲ ሜትር ይለኩና 3840ን ለዚያ ያካፍሉ። ካርቶን ምንም ይጻፍበት፣ ይሄ ቁጥር አይዋሽም። ሻጩ ትንሽ በግርምት ያይዎታል፤ ይየው።

እግረ መንገዴን፦ የብራንዱን ስም ከካርቶኑ ወይም ሲበራ ከሚመጣው ሎጎ አይመኑ። ርካሽ ቦርድ ያላቸው ቲቪዎች ላይ የመክፈቻው ሎጎ በፍላሽ ይቀየራል። ስቲከርማ ማንም ይለጥፋል። ከቲቪው ጀርባ ያለውን የሞዴል ቁጥር በስልክዎ የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ይፈልጉት። ቁጥሩ እዚያ ከሌለ፣ ወይም ሌላ ኢንች ሆኖ ከመጣ፣ ፎርጅድ ሊሆን ይችላልና ይጠንቀቁ።

ሱቁ በመረጠው ቪዲዮ መፍረድ

ሁሉም ሱቅ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ነው የሚከፍተው። ማር ሲንጠባጠብ፣ በቀቀን ሲበር፣ ቀያይ ዓሣዎች ሲዋኙ። በዚያ ቪዲዮ ማንኛውም ቲቪ ያምራል፤ የተሠራውም ለዚሁ ነው።

ብዙ ቲቪዎች ደግሞ የሱቅ ሞድ የሚባል አላቸው። መብራቱ እስከ ጥግ ይለቀቃል፣ ቀለሙ ይጋነናል፣ ነጩ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሱቅ ውስጥ ያለው የአምፖል ብዛት የሠርግ አዳራሽ ያህል ስለሆነ እንደዚያ ካልተደረገ አይታይም። ማታ ሳሎን ውስጥ ግን ዓይን ይቆርጣል።

የኔ ምክር የሠርግ ቪዲዮ በፍላሽ ይዞ መሄድ ነው። እየቀለድኩ አይደለም። የአክስቴን ልጅ ሠርግ የያዘ ፍላሽ አለኝ፤ ከሱ የተሻለ መፈተኛ አላገኘሁም። መጀመሪያ ሪሞቱን ይጠይቁና የምስል ሞዱን ከ«ቪቪድ» ወይም «ዳይናሚክ» ወደ «ሲኒማ» ወይም «ስታንዳርድ» ይቀይሩ። ከዚያ የእናቶችን ነጠላ ይዩ። እጥፋቱ፣ የጥለቱ ክር ይለያል? ወይስ ነጠላው ሁሉ አንድ ወጥ ነጭ ብርሃን ሆኗል? ከሆነ ቲቪው የነጩን ዝርዝር እየበላው ነው። ቀጥሎ የሙሽራውን ጥቁር ካባ ይዩ። የካባው እጥፋት ከጀርባው ካለው ጨለማ ካልተለየ ደግሞ ጥቁሩን እየበላው ነው። መጨረሻ ላይ ፊት። የሚያውቁት ሰው ፊት ብርቱካናማ ከሆነብዎ በቀቀኑ ቢያምር ምን ይጠቅማል?

ኤልኢዲ፣ ኪውሌድ፣ ኦሌድ ሁሉ አንድ ዘር መምሰሉ

«ኤልኢዲ ቲቪ» የሚባለው ኤልሲዲ ነው፤ ራሱ የማያበራ፣ ከጀርባው መብራት የሚፈልግ ስክሪን። ከጀርባው የሚያበራው መብራት ብቻ ነው ኤልኢዲ የሆነው። ሳምሰንግ በፈረንጆቹ 2009 በዚህ ስም በሰፊው መሸጥ ሲጀምር ብዙ ሰው አዲስ የስክሪን ዓይነት የመጣ መሰለው። ኪውሌድም፣ ሳምሰንግ በ2017 ያመጣው ስም፣ ያው ኤልሲዲ ነው፤ ቀለሙን የሚያደምቅ ኳንተም ዶት የሚባል ንጣፍ ተጨምሮበታል። መጥፎ ነገር አይደለም። ቀለሙ በእርግጥ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ግን ከጀርባው የሚበራ መብራት እስካለ ድረስ ጥቁሩ ግራጫ የመሆን ዕድል አለው።

ኦሌድ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ፒክስል ራሱ ይበራል፣ ራሱ ይጠፋል። ጥቁር ሲባል ጥቁር ነው። በእንግሊዝኛው ፊደል ኪው ከኦ የምትለየው በአንዲት ጅራት ብቻ ነው። ካርቶን ላይ ያቺን ጅራት ማን ያያል?

ኦሌድ ውድ ነው፤ አቅሙ ካለዎትም አንድ ነገር ያስቡ። ቤትዎ ውስጥ የዜና ቻናል ከጠዋት እስከ ማታ ተከፍቶ የሚውል ከሆነ፣ ጥግ ላይ ያለው ሎጎና ከሥር ጽሑፍ የሚሮጥበት ቀይ መደብ ከጊዜ ብዛት ስክሪኑ ላይ ጥላ ሊተው ይችላል። አባቴ ቤት ኦሌድ አላስገባም።

ትልቅ ቁጥር ማየትና መደንገጥ

«ሞሽን ሬት 240» የሚል ካዩ ሄርዝ (ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስል እንደሚቀይር) የሚለውን ቃል ይፈልጉ። ከሌለ ምክንያት አለው። እነዚህ ቁጥሮች ኩባንያዎቹ ራሳቸው የፈጠሯቸው መለኪያዎች ናቸው። ከኋላቸው ያለው ፓነል (ስክሪኑ ራሱ) 120 ሄርዝ፣ አንዳንዴም 60 ሄርዝ ሆኖ ይገኛል። አሜሪካ ላላችሁ፦ ቪዚዮ የተባለው ኩባንያ ካሊፎርኒያ ውስጥ «ኢፌክቲቭ 120 ሄርዝ» በሚሉ ማስታወቂያዎቹ ተከሶ፣ ጥፋቱን ሳያምን በ3 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ጉዳዩን ዘግቷል።

ለዜና፣ ለድራማና ለፊልም 60 ሄርዝ ይበቃል። ፊልም ራሱ በሰከንድ 24 ምስል ነው። እንዲያውም ቲቪው በመካከል የሌለ ምስል እየፈጠረ ሲያለሰልሰው ብዙ ብር የወጣበት ፊልም የሠፈር ልጆች በስልክ የቀረጹት ይመስላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ያጥፉት። እውነተኛ 120 ሄርዝ የሚያስፈልገው ፕሌይስቴሽን 5 ለሚጫወት ልጅ ነው። እሱም ቢሆን ጌሙ በኬብል የሚሰካበት ቀዳዳ ላይ «ኤችዲኤምአይ 2.1» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አያረጋግጥለትም፤ የፈቃድ ሰጪው ድርጅት ሕግ ያንን ስም ያለ 120 ሄርዝም ለመጠቀም ይፈቅዳል። «4ኬ በ120 ሄርዝ» ተብሎ በግልጽ መጻፉን ይይ።

ኮንትራስት (ነጩ ከጥቁሩ ስንት እጥፍ እንደሚደምቅ) 1,000,000 ለ1 የሚለውንማ ተዉት። «ዳይናሚክ» ከተባለ፣ መብራቱ በሙሉ ሲበራ የተለካውን ነጭና መብራቱ ሲደበዝዝ ወይም ሲጠፋ የተለካውን ጥቁር አጋብተው ያወጡት ቁጥር ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ምስል ላይ ሲለካ አይፒኤስ የሚባለው የኤልሲዲ ፓነል ዓይነት 1,000 ለ1 ገደማ ነው። ቪኤ የሚባለው ከ3,000 እስከ 5,000 ለ1 ይደርሳል።

ኤችዲአርም፣ ደማቁንና ጨለማውን አስፍቶ የሚያሳየው የምስል ዓይነት፣ የ«ሰፖርትድ» ታናሽ ወንድም ነው። የኤችዲአር ፊልሞች ብዙውን ጊዜ 1,000 ኒትስ (የስክሪን ድምቀት መለኪያ) ለሚደርስ ብርሃን ይዘጋጃሉ። ርካሹ ቲቪ 250 ወይም 300 ቢሰጥ ነው። ፊልሙን ይከፍተዋል፤ ግን አጨልሞ። የኒትሱ ቁጥር የትም ካልተጻፈ የሚያኮራ ላይሆን ይችላል።

ምን እንደምናይበት ሳናስብ መግዛት

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ብዙዎቻችን ቤት ያለው 4ኬ ይሄው ነው።

ኢትዮሳት ላይ ያሉት ቻናሎች ኤስዲ ወይም ኤችዲ ናቸው። ኤስዲ ምስል ቢበዛ 720 በ576 ፒክስል ነው። ይሄን 4ኬ ስክሪን ላይ ሲዘረጉት አንዱ ፒክስል ለ20 ይከፋፈላል። አሥራ ዘጠኙን ቲቪው ገምቶ ነው የሚሞላው። «አዲሱ ቲቪ ከድሮው ባሰ፣ ዲሹ ይስተካከል» ብለው ባለሙያ የሚጠሩ ሰዎች አሉ። ዲሹ ምንም አልሆነም። ስክሪኑ ትልቅ ስለሆነ ጉድለቱ አብሮ ተለቀ። ኢንተርኔት ከሆነ ደግሞ ኔትፍሊክስ ለ4ኬ በሰከንድ 15 ሜጋቢት ይመክራል። የቤትዎ መስመር ማታ ማታ ስንት እንደሚደርስ እርስዎ ያውቃሉ።

ርቀትም አለ። ጤነኛ ዓይን 43 ኢንች ፉል ኤችዲ ላይ ፒክስሎቹን መለየት የሚያቆመው ከ1.7 ሜትር ገደማ ሲርቅ ነው። 65 ኢንች ላይ 2.6 ሜትር ገደማ። የኔ ሶፋ ከቲቪው 3 ሜትር ይርቃል። ስለዚህ እውነቱን ልናገር፦ የተሸወድኩበት ቲቪ እውነተኛ 4ኬ ቢሆንም ከተቀመጥኩበት ልዩነቱን አላየውም ነበር። የሚያንገበግበኝ ለ4ኬ ብዬ የጨመርኩት ብር ነው። በዚያ ብር የተሻለ ፓነል እገዛ ነበር።

ፊት ለፊት ቆሞ ብቻ ማየት

ይሄኛውን ማንም አልነገረኝም። ሱቅ ውስጥ ቲቪውን ፊት ለፊቱ ቆመን ነው የምናየው። ሳሎናችን ውስጥ ግን ፊት ለፊት የሚቀመጠው አንድ ሰው ነው፤ ሌላው በጎን ሶፋ ላይ ነው። ቪኤ ፓነል ጥቁሩ ጥሩ ነው፤ ከጎን ሲታይ ግን ብዙ ጊዜ ይገረጣል። አይፒኤስ ጥቁሩ ደከም ይላል፤ ከጎን ሲታይ ግን ቀለሙን ይዞ ይቆያል። ቲቪው በገባ በሳምንቱ እናቴ መጣች። ሁልጊዜ የምትወደው ቦታ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር በጎን ተቀመጠች። ዜና አንባቢውን ትንሽ አየችና «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ አሞታል እንዴ? ፊቱ ገርጥቷል» አለችኝ።

ባለፈው ወር እህቴ ቲቪ ልትገዛ ስትል አብሬያት ሄድኩ። ፍላሹንና ማስመሪያዋን ይዣለሁ። ሻጩ «ጋሼ፣ መሐንዲስ ነህ እንዴ?» አለኝ፤ ዕድሜዬ ለጋሼ ገና ነበር። መጀመሪያ ያሳየን ቲቪ ላይ 20 ቆጠርን። «4ኬ አላልክም?» አልኩት። ምንም ሳይናገር ከጓዳ ሌላ ካርቶን አወጣ። እሱ ላይ 40 ሆነ። ሠርጉን ከፈትን፤ ነጠላው እጥፋቱ ይታያል። እህቴ እናታችን በምትቀመጥበት አቅጣጫ በኩል ሄዳ ቆመች። ቀለሙ አልተለወጠም። ተከራከርን፣ ከፈልን፣ ካርቶኑን ታክሲ ላይ ጫንን። ቤት ደርሰን ሲገጠም ነው ማስመሪያዋ ሱቁ ውስጥ መቅረቷ ትዝ ያለኝ።