እርከን ተሠርቶ ውሃው ለምን ያመልጣል? በሰሜን ሸዋ ቆላ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቀወት፣ በኤፍራታና ግድም ወይም በመርሃቤቴ ቆላ ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ ይወጣል፤ ሲጥል ደግሞ ዶፍ ነው። የጣለው እዚያው ማሳ ውስጥ ካልሰረገ ለወንዙ እንጂ ለገበሬው አልዘነበም።

እርከንን በዓይን ግምት መቀየስ። ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። መስመሩ ትንሽ ከጎበጠ ውሃው ዝቅ ያለችዋን ቦታ ፈልጎ ይከማችና ይደረምሳታል፤ በዓመቱ እዚያው ላይ ቦረቦር ይጀምራል። 10 ሜትር ሲባጎ፣ እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ዘንጎችና መሐሉ ላይ የሚንጠለጠል ውሃ ልክ ይበቃል። በደጋ ትርፍ ውሃ እንዲወጣ እርከኑ በመጠኑ ያዘነብላል፤ የደጋውን ቅያስ ወደ ቆላ ማውረድ ግን ውሃውን መሸኘት ነው። እዚህ መስመሩ ወደ የትኛውም ጎን ሳያዘነብል ፍጹም ልክ ይሁን። መሠረቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆፈር፣ ትልልቁ ድንጋይ ከታች ይግባ፣ ግንቡም ወደ ዳገቱ ጋደል ይበል። በእርከኖቹ መካከል ያለው ርቀት በተዳፋቱ ይወሰናል፦ በ100 ሜትር 10 ሜትር በሚወርድ ማሳ ላይ የከፍታ ልዩነቱ 1 ሜትር እንዲሆን በየ10 ሜትሩ ይሠራል።

እስከ እርከኑ ሥር ማረስ። ማረሻው መሠረቱን ይፈለፍለዋል። ጠርዙ ላይ ደሾ ሣር ወይም የርግብ አተር ቢተከል ግንቡን ይይዛል፣ መኖም ይሆናል። ከብት ተለቅቆበት ከዋለ ግን ድካሙ ከንቱ ነው፤ ታጭዶ ይቅረብ።

ክትርን (ቦረቦር ውስጥ ጎርፍ ለመግታት የሚሠራ ግድብ) አናቱ እኩል አድርጎ መሥራት። መሐሉ ዝቅ ካላለ ጎርፉ በጎን ዞሮ ግራና ቀኙን ይበላል። ሁለቱም ጫፎች ወደ ዳርቻው ተቆፍረው ይግቡ፤ ሥራውም ከላይ ይጀመር።

ማሽላን በክፍት ትልም መተው። በየ3 እስከ 5 ሜትሩ ትልሙን በአፈር መገደብ ውሃውን ያስቀራል። ገደቡ ከመደቡ (በትልሞቹ መሐል ካለው ከፍ ያለ አፈር) ዝቅ ይበል፤ ያለዚያ ዶፍ ሲመጣ መደቡ ይሰበራል። ዋልካ (ጥቁር ሸክላ አፈር) ላይ ግን ውሃ ይተኛልና አይሞከር።

ዝናብ ሲዘገይ ያንኑ የረጅም ጊዜ ማሽላ ደግሞ መዝራት። ያበባል፣ ፍሬ ሳይሞላ ዝናቡ ይቆማል። «መልካም» እንደሚባለው ያለ ቶሎ የሚደርስ የማሽላ ዝርያ፣ ካልሆነም ማሾ ይሻላል።

አቀንጭራን (የማሽላን ሥር የሚጠባ አረም) ካበበ በኋላ ነቅሎ ዳር ላይ መጣል። አንዷ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ታረግፋለች፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ይቆያል። ሳያብብ ይነቀል፤ ያበበው ተሰብስቦ ይቃጠል እንጂ ለከብት አይሰጥ፣ በፍግ ተመልሶ ማሳ ይገባልና። ማሾን አይጠባም፤ ስለዚህ በበረታበት ማሳ ላይ ማሽላን በማሽላ አይተኩ።