በጊት አንድን ፋይል ብቻ ወደ ቀድሞ ይዘቱ እንዴት እንመልሳለን?

ፒያሳ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት የዋጋ ዝርዝሩን «ዋጋ» በሚባል የጽሑፍ ፋይል ይዞ በጊት (የፋይሎችን ለውጥ ታሪክ በሚመዘግብ ፕሮግራም) ይከታተላል እንበል። ሐሙስ ዕለት የባነር ዋጋ በስህተት ተሰርዞ ኮሚት ተደረገ፣ ማለትም ለውጡ በጊት ታሪክ ውስጥ ተመዘገበ። የሚፈለገው የረቡዕ ዝርዝር ነው፤ ሌሎቹ ፋይሎች ግን መነካት የለባቸውም። ታሪኩ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ስላለ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራው አይቆምም።

ትእዛዞቹን ያሰፈርነው በአነባበባቸው ነው፤ ሲተይቡ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ይቀይሩ፤ የፋይሉን ስም «ዋጋ»ን ብቻ በአማርኛ ይጻፉ።

መጀመሪያ ፎልደሩ ውስጥ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍተው «ጊት ስታተስ» ይጻፉ። ኮሚት ያልተደረገ ለውጥ ካለ የፋይሉ ስም ይወጣል። ይህን ደረጃ የሚዘሉ ሰዎች ናቸው በኋላ የሚያዝኑት፦ መመለሻው ትእዛዝ ሳይጠይቅ ከላዩ ይጽፍበታል፣ ኮሚት ያልተደረገው ለውጥ ደግሞ ጊት ዘንድ ቅጂ የለውም። አስቀድመው ኮሚት ያድርጉት።

የፋይሉ ስም በአማርኛ ከሆነ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አለ። «ዋጋ» የነበረው «\341\213\213\341\214\213» ሆኖ ይታያል። ፋይሉ ምንም አልሆነም፤ ጊት ከእንግሊዝኛ ውጭ ያሉትን ፊደላት በቁጥር ስለሚያሳይ ነው። «ጊት ኮንፊግ ኮር.ኮትፓዝ ፎልስ» ሲሉ ፊደሉ ይመለሳል።

ቀጥሎ «ጊት ሎግ --ዋንላይን -- ዋጋ»። ፋይሉን የነኩ ኮሚቶች ብቻ፣ አዲሱ ከላይ ሆኖ፣ ይደረደራሉ። በየመስመሩ መጀመሪያ ያለው አጭር መለያ ነው የሚያስፈልገን፤ የረቡዑ 4071925 ይሁን። ስክሪኑ ተይዞ ከቀረ የ«ኪው»ን ፊደል ይጫኑ።

ከመመለስዎ በፊት «ጊት ሾው 4071925:./ዋጋ» ብለው የባነሩ ዋጋ መኖሩን በዓይንዎ ይዩ። ነጥቧና እዝባሯ ከቀሩ ጊት ፋይሉን ከዋናው ፎልደር ጀምሮ ስለሚፈልግ፣ ንዑስ ፎልደር ውስጥ ካሉ አላገኘሁም ይላል።

አሁን «ጊት ሪስቶር --ሶርስ=4071925 ዋጋ»። ምንም መልስ ካልሰጠ ተሳክቷል። ከዚያ «ጊት አድ ዋጋ» ብለው ምክንያቱን ጽፈው ኮሚት ያድርጉ። የሐሙሱ ኮሚት ከታሪኩ አይጠፋም፣ አዲሱ ከላዩ ይደረባል።

«ሪስቶር» የመጣው በጊት ስሪት 2.23፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2019 ነው። ከዚያ በፊት የወጣ ጊት ካለዎት «ጊት ቼክአውት 4071925 -- ዋጋ» ይሠራል። የፋይሉን ስም ከረሱ ግን ፎልደሩ በሙሉ ወደ ረቡዕ ይሄዳል፤ «ጊት ቼክአውት -» ብለው ይመለሱ።