እጅ ሳይቆም 10 ደቂቃ፦ ያላወቅነውን ሐሳባችንን በጽሑፍ ማውጣት

ድርሰት ስንጽፍ የመምህሩ ቀይ እስክሪቢቶ ይታየናል። አንድ መስመር ሳንጨርስ መሰረዝ እንጀምራለን። እጅ ሳይቆም የሚጻፍበት ይህ አጻጻፍ ግን ሌላ ነው። አሜሪካዊው የጽሕፈት መምህር ፒተር ኤልቦው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሰፊው አስተዋውቆታል። ዋናው ደንብ አንድ ነው፤ ሰዓቱ እስኪሞላ እጅ አይቆምም።

ደብተርና እስክሪቢቶ ያዙ። እኔ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እገባለሁ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ማክያቶ አዝዛችሁ ጥግ ብትይዙም ይሆናል። ስልካችሁ ላይ 10 ደቂቃ ሙሉና ንዝረት ላይ አድርጋችሁ ድፉት። ከገጹ አናት አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ «ከዛሬው ትምህርት ያልገባኝ ምንድን ነው?» ወይም «ይሄ ነገር ለምን ከበደኝ?»

ከዚያ ጻፉ። አትሰርዙ፤ ተመልሳችሁም አታንብቡ። «ሀ» ይሁን «ሐ»፣ «ሰ» ይሁን «ሠ» አትጨነቁ። እንግሊዝኛ ቢቀላቀል ይቀላቀል፤ በኦሮምኛ ወይም በጉራጊኛ ቢመጣላችሁም እንደመጣ ይውረድ። ሐሳብ ሲጠፋ «ምን እንደምጽፍ ጠፋኝ፣ ጠፋኝ» እያላችሁ ቀጥሉ። ይህን አትናቁት። መጀመሪያ የሚወጣው ለሰው ስንናገረው የኖርነው መልስ ነው። ቁም ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እሱ ሲያልቅ ነው።

የማታ ትምህርት ስማር ስታቲስቲክስ አልገባ ብሎኝ ሞከርኩት። አንድ ገጽ ሙሉ ቀመሩን አማረርኩ። ሁለት ጊዜ «ጠፋኝ» አልኩ። ከዚያ «በዕድሜ የሚያንሱኝ ልጆች ፊት እጄን አውጥቼ መጠየቅ አሳፈረኝ» የሚል መስመር ወረደ። ለካ ችግሩ ቀመሩ አልነበረም!

ሰዓቱ ሲሞላ አቁሙና ትንሽ ዞር ዞር በሉ። ስትመለሱ አንብቡት፤ ለማረም ግን አይደለም። ያስደነገጣችሁን ወይም ደጋግሞ የመጣውን አንድ ዓረፍተ ነገር ፈልጋችሁ አስምሩበት። አዲስ ገጽ ላይ እሱን ከላይ አድርጋችሁ ሌላ 10 ደቂቃ ጻፉ። እባካችሁ ይህን ሁለተኛ ዙር አትዝለሉት፤ ትምህርቱ ያለው እዚህ ነው። በመጨረሻ ነገ የምታደርጉትን በአንድ መስመር ጻፉ። የእኔ «ከክፍል በፊት መምህሩን አናግራለሁ» የሚል ነበር።

የሚረብሽ ነገር ከወጣና ልባችሁ ከከበደ አቁሙ፤ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ።

ጽሑፉን ለማሳየት አትጻፉት። ሰው ያነበዋል ብላችሁ ከሰጋችሁ እጃችሁ መሸፋፈን ይጀምራል። ካሰጋችሁ ያሰመራችሁበትን ዓረፍተ ነገር ገልብጣችሁ ሌላውን ቀድዳችሁ ጣሉት።