የድሮ ፒሲ ባዮስ ሴቲንግ እንዴት ሪሴት ይደረጋል (ማዘርቦርዱን ከመጣላችሁ በፊት)

ሰላም ወገኖች፣ ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ኮር ቱ ዱዎ ዴስክቶፑን ይዞልኝ መጣ፣ ጠዋት ጠዋት ሲከፍተው ጥቁር ስክሪን ላይ ሲሞስ ቼክሰም ኤረር ብሎ ኤፍ1 ካልተጫነ አልሄድም ይላል፣ አንድ ቦታ ወስዶት ማዘርቦርዱ ተበላሽቷል ሌላ ግዛ ብለውታል። ከፍቼ ሳየው ያለቀችው የሰዓት ባትሪዋ ናት። በዚህ ምክንያት ስንት ደህና ማሽን እንደሚጣል ሳስብ በጣም ያናድደኛል፣ ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ አትፍሩ። ሪሴት ስታደርጉ ሀርድ ዲስክ ላይ ያለው ፋይላችሁ አይነካም፣ ባዮሱ ራሱም (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሰራው ፕሮግራም ማለት ነው) የሚቀመጠው ሌላ ቺፕ ላይ ስለሆነ አይጠፋም። የሚጠፋው ሴቲንጉ ብቻ ነው፣ ማለት ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቡት ኦርደሩ (ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ)፣ የሳታ ሞዱ (ሀርድ ዲስኩ ከቦርዱ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ)፣ ብዙ ዴስክቶፕ ላይ ፓስወርዱም። ነገሩ የጀመረው በ1984 (በፈረንጅ) በወጣው አይቢኤም ኤቲ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ የሞቶሮላ የሰዓት ቺፕ ነበረው፣ ውስጡ ያለው ሚሞሪ 64 ባይት ብቻ ሲሆን 14ቱ ለሰዓቱ ስራ ሆኖ የቀረው 50 ባይት ለሴቲንግ። ይቺ ሲሞስ የምትባለው ሚሞሪ ፓወር ከተቋረጠባት ትረሳለች፣ ለዛ ነው ባትሪ ያስፈለጋት።

ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ እንደተሰካ ከሆነ ቢጠፋም እንኳ ፓወር ሰፕላዩ ትንሽ ኃይል ስለሚሰጣት ባትሪዋ ብዙም አትደክምም። እኛ ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዳያቃጥለው ብለን ማታ ማታ ገመዱን እንነቅላለን (ልክ ነን፣ አትተዉት) ግን ያኔ ሰዓቱን የምትሸከመው ባትሪዋ ብቻዋን ስለሆነች ቶሎ ታልቃለች።

አሁን ወደ ስራው። ማሽኑ የሚከፈት ከሆነ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ሲነሳ ዲሊት ወይ ኤፍ2 እየተጫናችሁ ባዮስ ግቡና እያንዳንዱን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ እባካችሁ ይሄን አትዝለሉት። በተለይ የሳታ ሞዱ አይዲኢ ነው ወይስ ኤኤችሲአይ የሚለውን፣ ምክንያቱም ሪሴት ሲደረግ ሊቀየር ይችላል፣ ከተቀየረ ደግሞ ዊንዶውስ ኤክስፒም ሆነ ዊንዶውስ 7 ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል፣ መጨረሻው 7ቢ የሆነ ኮድ ይጽፋል፣ ሰውም ሀርድ ዲስኩ ሞተ ብሎ ፎርማት ያደርጋል፣ በዚህ ምክንያት የቤተሰብ ፎቶ የጠፋበት ሰው በአይኔ አይቻለሁ። ወደ ነበረበት ሞድ ስትመልሱት ወዲያው ይነሳል።

ከዛ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ከነቀላችሁ በኋላ ማብሪያውን 15 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙት የቀረው ኃይል እንዲወጣ። ጎኑን በካቻቢቴ ክፈቱ፣ የእጃችሁ ስታቲክ ቦርዱን እንዳይጎዳ የኬዙን ብረት ነካ አድርጉ። ባትሪዋ ክብ ብርማ ነች፣ ትንሽ ሳንቲም የምታህል። አጠገቧ ብዙ ጊዜ ሶስት ፒንና ሁለቱን የሚያገናኝ ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ያለው ጃምፐር አለ፣ ክሊር ሲሞስ ወይ ሲኤልአርቲሲ ወይ ጄባት1 የሚል ተጽፎበታል። ጃምፐሩ 1 እና 2 ላይ ከሆነ ኖርማል ነው፣ ወደ 2 እና 3 አዙሩት፣ 10 ሰከንድ ጠብቁና መልሱት። ፒኖቹ ከቦርድ ቦርድ ስለሚለያዩ ቦርዱ ላይ የተጻፈውን እዩ፣ ጃምፐሩ ክሊር ላይ እያለ ደግሞ በፍጹም እንዳታበሩት።

ጃምፐር ካጣችሁ ባትሪዋን አውጡ፣ ያዥዋን ትንሽ ገፋ ስታደርጉት ብቅ ትላለች። አስር ደቂቃ ቆዩ፣ ካልሰራ ገመዱም እንደተነቀለ አሳድሩት። አዲስ ስትገዙ ሲአር2032 በሉ፣ 20 ሚሊሜትር ስፋት 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት ማለት ነው፣ 2025 ከሰጧችሁ ስፋቷ አንድ ሆኖ ቀጭን ስለሆነች ንክኪው ይላላል። መልቲሜትር ካላችሁ አዲስ 3 ቮልት ወይ ትንሽ በላይ ታሳያለች፣ ከ2.7 በታች ከሆነች አትግዟት። የመደመር ምልክት ያለበት ፊት ወደ ላይ ነው።

ሲነሳ ባዮስ ግቡ፣ ሎድ ዲፎልትስ በሉ፣ የሳታ ሞዱን ከፎቶው አይታችሁ መልሱ፣ ቡት ኦርደሩን አስተካክሉ። ቀኑ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ባዮስ የኛን አቆጣጠር አያውቅም፣ ዓመተ ምህረቱን በኛ ከሞላችሁት ማሽኑ 7 ወይ 8 ዓመት ወደኋላ ይቀራል፣ ከዛ ጂሜይሉም የባንኩም ሳይት ሰርተፊኬት እያለ አልከፈት ይላል፣ ኢንተርኔቱ የተበላሸ ይመስላችኋል። ሰዓቱም እንደዛው፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሆነ 9፡00 ብላችሁ ሙሉ። በኤፍ10 ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ።

ላፕቶፕ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ባትሪዋ በሽቦ የተያያዘች ናት፣ ዋናውንም ባትሪ ማውጣት አለባችሁ፣ የብዙዎቹ ፓስወርድ ደግሞ ባትሪ በማያስፈልገው ሌላ ቺፕ ላይ ስለሚቀመጥ ባትሪ በመንቀል አይጠፋም፣ ለፓስወርድ ብላችሁ ፈታታችሁ እንዳትሰብሩት።

በጣም የድሮ 386 ወይ 486 ያላችሁ ካላችሁ ሁለት ነገር እዩ። ዳላስ የሚል ጥቁር ወፍራም ቺፕ ካለ ባትሪው እዛው ውስጡ ተደፍኗል፣ ሲያልቅ ቺፑ ነው የሚቀየረው። በርሜል የምትመስል ባትሪ ከሆነች ደግሞ ዛሬውኑ ቁረጧት፣ ፈሳሿ የቦርዱን መስመር ይበላል፣ አረንጓዴ ነገር ካያችሁ በጥጥ አቼቶ ነካ እያደረጋችሁ አጽዱት፣ ፈሳሹ አልካላይን ስለሆነ አቼቶው ያረክሰዋል፣ ከዛ በአልኮል ጥረጉና በደንብ ይድረቅ።

ጨርሳችሁ ስትዘጉት ገመዱን ነቅላችሁ አሳድሩት። ጠዋት ሰዓቱ ልክ ከሆነ አልቋል፣ አዲስ ባትሪ ገብቶም ከረሳ የባትሪ መያዣዋን ምላስ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ቀና አድርጉና እንደገና ሞክሩት።