የጭቃ ቤት ሲበርድ ከግድግዳው በፊት ጣሪያውን እዩ

የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት አዲስ አበባ ላይ ቀልድ አያውቅም። አሮጌ የጭቃ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ብዙ ጊዜ በግድግዳው ያላክካል። «ይፍረስና በብሎኬት ይሠራ» ይባላል። አትቸኩሉ። ጭድ በደንብ የገባበት ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ሙቀት በመያዝ ከብሎኬት አያንስም። ሙቀቱ በአብዛኛው የሚያመልጠው በቆርቆሮው ነው።

መጀመሪያ መርምሩ። ቀን ፀሐይ ሲከር ቤቱ እንደ ምጣድ ግሎ፣ ማታ ወዲያው ይቀዘቅዛል? ጣሪያው ነው። ዝናብ በሌለበት ወቅት ጠዋት ኮርኒሱ ላይ እርጥበት ወይም ቢጫ እድፍ ካያችሁ ደግሞ ቆርቆሮው እያፈሰሰ ሳይሆን እያላበው ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ቆርቆሮ ከውጭው አየር ብሶ ይቀዘቅዛል። የትንፋሹና የወጡ እንፋሎት እዚያ ሲደርስ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። እድፉ በክረምት ብቻ ከመጣ ግን ቀዳዳ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ያለቀው የምስማሩ ጎማ ነው። ሌላው ሥራ ሁሉ ከዚህ በኋላ ይምጣ፤ እርጥብ ቤት አይሞቅም።

የንፋሱን መግቢያ ለማግኘት ዕጣን አጭሱ። ነፋሻ ምሽት ምረጡ። በርና መስኮት ዘግታችሁ ማጨሻውን በበሩ ሥር፣ በመስኮቱ ጠርዝ፣ ግድግዳና ኮርኒስ በሚገናኙበት ቀስ እያላችሁ አዙሩ። ጭሱ ወደ ጎን ከተጎተተ ቦታውን በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። በሻማ አትሞክሩት፤ የአቡጀዲም የማዳበሪያም ኮርኒስ በአንዴ ይያያዛል።

የግድግዳውን ስንጥቅ በሲሚንቶ አትድፈኑ። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር አይዋደድም፤ ውሎ አድሮ ተላቆ ይወድቃል። ጭቃ ከጭድ ጋር አቡክታችሁ ጥቂት ቀን ይብላላ። ስንጥቁን ውሃ ረጭታችሁ ሙሉት። ሲደርቅ ትንሽ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ያኔ ቀጠን ባለ ጭቃ ድገሙት። ለበርና ለመስኮት ተለጣፊ የጎማ ጥብጣብ ይበቃል።

ገንዘባችሁን ኮርኒሱ ላይ አውሉ። አስቀድሞ ግን ኤሌክትሪሺያን ይግባ። አሮጌ ኮርኒስ ውስጥ የተላጠ ሽቦ ብርቅ አይደለም፣ ፎም ደግሞ ይቀጣጠላል። ከዚያ አቡጀዲው ይውረድና ችፑድ ይመታ። በላዩ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፎም ክፍተት ሳይተው ይደርደር። በፎሙና በቆርቆሮው መሃል አየር ይለፍ፣ አለዚያ ላቡ አይደርቅም። የጣሪያውን ጠርዝ ለአይጥ ወንፊት ሽቦ ምቱበት እንጂ አትድፈኑት። አቅም ካጠረ የምትተኙበትን ክፍል ብቻ ሥሩ። የቀበሌ ቤት ከሆነ ወረዳውን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ንፋሱ ከተዘጋ በኋላ ከሰል በጣም ያስፈራል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ተኝተው ያልነቁ ሰዎች ብዙ ናቸው። ምድጃውን ደጅ አቀጣጥሉት። ቡና ሲፈላ መስኮት ይከፈት። ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃው፣ የጠፋ ቢመስልም፣ ውጭ ይደር።