ስለ ሪፕረሰር ስንጽፍ የምንደጋግማቸው ስህተቶች

ሪፕረሰር ጂን እንዳይሠራ የሚያፍን ፕሮቲን ነው። ሰሌዳ ላይ ሁልጊዜ እንደ ድንጋይ ነው የሚሳለው። ጂኑ ፊት ቁጭ ብሎ መንገድ ይዘጋል። እኔም የተማርኩት እንዲያ ነው። የፈተና ወረቀት ላይ የማያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚያ ስዕል የመጡ ናቸው።

ምሳሌያችን ኢ. ኮላይ የተባለችው የአንጀት ባክቴሪያ ትሁን። የወተትን ስኳር፣ ላክቶስን፣ የምትጠቀምባቸው ጂኖች አሏት። ላክቶስ ሲጠፋ እነሱን የሚያፍነው ላክ ሪፕረሰር የሚባል ፕሮቲን ነው። ሐሳቡን ፍራንሷ ዣኮብና ዣክ ሞኖ በ1961 እ.ኤ.አ. አቀረቡ። ፕሮቲኑን ራሱን ዋልተር ጊልበርትና ቤኖ ሙለር ሂል በ1966 ለይተው አወጡት።

«ሪፕረሰር ጂኑን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል።» ይሄ ዋናው ስህተት ነው። እስቲ ተዘጋ እንበል። ላክቶስ ወደ ሴሉ የሚገባው ፐርሚዬዝ በተባለ ፕሮቲን በኩል ነው። ፐርሚዬዝ ደግሞ የሚሠራው ከታፈኑት ጂኖች በአንዱ ነው። በሩ ተቆልፎ ቁልፉ ውስጥ ቀረ ማለት ነው! እውነታው ግን ሌላ ነው። ሪፕረሰሩ ዲኤንኤው ላይ እንደ ሙጫ አይጣበቅም። የሚይዘው በብዙ ደካማ ትስስሮች ድምር ነው፤ ለቀቅ ያደርጋል፣ ተመልሶ ይይዛል። በለቀቀባት ቅጽበት ጂኑን የሚቀዳው ኢንዛይም፣ አርኤንኤ ፖሊመሬዝ፣ ሾልኮ ጥቂት ቅጂ ያወጣል። ስለዚህ ሴሉ ውስጥ ሁልጊዜም ትንሽ ፐርሚዬዝና ትንሽ ቤታ ጋላክቶሲዴዝ (ላክቶስን የሚሰብረው ኢንዛይም) አይጠፋም።

ታዲያ እየለቀቀ እንዴት ያፍናል? ሪፕረሰሩ አራት ተመሳሳይ ክፍሎች አሉት። ሁለቱ ዋናውን ኦፐሬተር፣ ማለትም ሪፕረሰሩ የሚያርፍበትን የዲኤንኤ ቦታ፣ ሲይዙ፣ ሁለቱ ደግሞ ራቅ ያለ ረዳት ኦፐሬተር ይይዛሉ። መሃል ያለው ዲኤንኤ እንደ ገመድ ይቆለመማል። በአንዱ በኩል ቢለቅ ሌላው ስለያዘው ርቆ አይሄድም፤ ቶሎ ይመለሳል። በአንድ ሴል ውስጥ አስር ገደማ ሪፕረሰሮች ብቻ ሆነው ሥራውን የሚወጡት አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ከርዕሱ ሁሉ የምወደው ይህን ቦታ ነው፤ መጽሐፉ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

«ላክቶስ መጥቶ ሪፕረሰሩን ከዲኤንኤው ላይ ይገፈትረዋል።» አይደለም። ሪፕረሰሩን የሚይዘው አሎላክቶስ የተባለ የላክቶስ ዘመድ ስኳር ነው። ቅድም ያልናቸው ጥቂት ቤታ ጋላክቶሲዴዞች ከላክቶስ ይሠሩታል። አሎላክቶስ የሚያርፈው ሪፕረሰሩ ዲኤንኤን ከሚይዝበት ቦታ ራቅ ብሎ ነው። ያኔ የፕሮቲኑ ቅርጽ ይለወጣል፤ ኦፐሬተሩን አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል። ዲኤንኤውን ስኳሩ አልነካውም።

ሌላው፣ «ሪፕረሰሩ ፊደሎቹን ለማንበብ የዲኤንኤውን ሁለት ክሮች ይለያያል» የሚለው ነው። ክሮቹን የሚከፍተው ፖሊመሬዝ ነው። ሪፕረሰሩ አንዲት ጥምዝ ክፍሉን ወደ ዲኤንኤው ሰፊ ቦይ ያስገባና የቤዞቹን፣ ማለትም የፊደሎቹን፣ ጠርዝ ከውጭ ይዳስሳል፤ ብሬል በጣት እንደሚነበበው።

በመጨረሻ፣ ሪፕረሰር ሁሉ ትንሽ ሞለኪውል ሲያርፍበት ይለቃል ብላችሁ አትጻፉ። የትሪፕቶፋን ሪፕረሰር የዚህ ተቃራኒ ነው። ትሪፕቶፋን የተባለው አሚኖ አሲድ ሲበዛ እሱን ይዞ ነው ኦፐሬተሩ ላይ የሚቀመጠው፤ ትሪፕቶፋን ሲያልቅ ይለቃል፣ ባክቴሪያዋም ትሪፕቶፋኑን ራሷ መሥራት ትጀምራለች።